ስምንት ሰዓት ያለ አደጋ

ቦርከና ዳር ባለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ቁስል ተሰፍቶ አያውቅም። ሰው መቆረጡን ይቆረጣል። ነገር ግን መርፌና ክር የነካው ቁስል «ጉዳት» ተብሎ ይቆጠራል፤ ፕላስተር የተለጠፈበት ግን «የመጀመሪያ እርዳታ» ነው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ደግሞ አይቆጠርም። ስለዚህ የፋብሪካው ክሊኒክ መርፌ መግዛት ካቆመ ቆይቷል። የፕላስተሩ ዓይነት ግን መዓት ነው። ጣት የሚያህል አለ፣ ክንድ የሚያህል አለ፣ ባለፈው ክረምት ደግሞ ከትከሻ እስከ ወገብ የሚደርስ መጥቷል።

እግሩ የተሰበረ ሰውም ቤቱ አይውልም። ቤቱ ከዋለ «የባከነ የሥራ ቀን» ይሆናላ! ጠዋት መኪና ይመጣና ከነጀሶው ተሸክሞ «ቀላል ሥራ» የሚባለው ክፍል ያስገባዋል። እዚያ በተርታ ተቀምጠው ግድግዳ ላይ ያለች አረንጓዴ አምፖል ይጠብቃሉ። አምፖሏ ስትበራ «በርታለች» ማለት ነው ሥራቸው። አያ እብሬ የሚባል ጫኝና አውራጅ መንጋጋው ተሰብሮ የገባ ሰሞን ይህን ማለት ስላቃተው ራሱን በመነቅነቅ እንዲሠራ ተፈቅዶለት ነበር። ድርጅቱ ለሰው ያስባል።

ሉባባ ይማም የዚህ ፋብሪካ የጉዳት መዳቢ ናት። መደብ የሚያወጣው በእርግጥ እሷ ሳትሆን መዝጋቢው ማሽን ነው። ወድቆ የተነሣውን፣ የተቃጠለውን፣ የሳለውን ሁሉ እሱ ያያል፣ እሱ ይሰማል፣ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባም እሱ ይወስናል። ሕጉ ግን በእያንዳንዱ ምደባ ላይ የሰው አውራ ጣት ይረፍ ስለሚል፣ ሉባባ ያቺን አውራ ጣቷን ይዛ ጠዋት ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች። ማሽኑን መቃወም ትችላለች። ምክንያት ማቅረብ ግን አለባት፤ ምክንያቱን ተቀብሎ የሚያሳልፈው ደግሞ ያው ማሽኑ ራሱ ነው። ዳኛውም ከሳሹም አንድ ሲሆን ምን ይደረጋል?

የዚያን ዕለት ጠዋት የመጀመሪያው ጉዳይ ሞት ነበር።

«ጌታሁን ወርቄ። አራተኛው የቀለም አዳራሽ። መኝታው ላይ ሞቶ ተገኘ። የቀረበ ምደባ፦ የቤት ሕመም። ማጽደቂያ፦ እስከ አስር ሰዓት።»

ሉባባ አውራ ጣቷን ልታነሣ ስትል የእህቷ መልእክት መጣ። ጦይባ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ መዘፍዘፊያ ክፍል ከገባች መንፈቅ ያልሆናት ልጅ ናት። «እታለም፣ እንኳን ደስ አለሽ በዪኝ! አራተኛው አዳራሽ ደረሰኝ። ዛሬ አስር ሰዓት እገባለሁ። ወንበር አለው እኮ!»

ወንበሩ እውነት ነው። አራተኛው አዳራሽ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ነው የሚሠራው፤ በዚያም የተነሣ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉት ልጆች ሁሉ ይመኙታል። ሳሉም እውነት ነው። ከዚያ አዳራሽ የወጣ ሰው በሩቁ በሳሉ ይታወቃል። የአየር መለኪያው ግን «ንጹሕ» ይላል። መለኪያው የተሰቀለው ቀን ሙሉ ክፍት ከሚውለው በር አጠገብ ነው። ሉባባ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ለሳለኞቹ «የሥራ ሕመም» ብላ ሞክራ ነበር። መዝጋቢው «ሕመሙ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት ጀመረ?» ብሎ ጠየቃት። ሳል ደግሞ ቀን ቆጥሮ፣ ሰዓት ጠብቆ አይገባም። መለሰባት።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። የጌታሁን ሞት «የቤት ሕመም» ከተባለ አዳራሹ አስር ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ጦይባም በሟቹ ወንበር ትቀመጣለች። «የሥራ ሞት» ከተባለ ግን አዳራሹ ይታሸጋል፤ ከውጭ የሚመጡ መርማሪዎች አየሩን በገዛ መሣሪያቸው ሳይለኩ ማንም አይገባበትም። ሕጉ እዚህ ላይ አያወላዳም።

ሉባባ ደግሞ ሌላም ነገር ነበረባት። አባቷ ይማም አሰን አራተኛው አዳራሽ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ካቻምና እዚያው ቤቱ፣ ተኝቶ አደረና አልነሣም። እናቷ እስከ ዛሬ «የታደለ ሞት ነው፤ አልጮኸ፣ አልተጨነቀ፣ ፋብሪካው ያሰረለት አምባር እንኳ እንቅልፉን አመስግኖለታል» እያለች ትጽናናበታለች። ሉባባም ስትሰማ «አዎ እማዬ» ትላለች። እናትን ከመጽናኛዋ የሚያፈናቅል ልጅ የለም።

«ጦይባ፣ ዛሬ አሞኛል በዪና አትግቢ» ብላ ጻፈችላት።

«አብደሻል እንዴ? ካልገባሁ ለሌላ ይሰጡታል!»

ሉባባ ጉዳዩን ሳታጸድቅ ተወችውና ስድስት ሰዓት ላይ ለቅሶ ለመድረስ ወጣች።

በፋብሪካው በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። የከተማው ሰው ሰዓቱን የሚያየው በእሱ ነው፤ ከሰዓቱ በታች ደግሞ የፋብሪካው የጉዳት መጠን በአረንጓዴ ይበራል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጉዳቱ ከላይ ይቀመጣል፣ ሠራተኛው ሁሉ የሠራው ሰዓት ከታች ይቀመጣል፣ ይካፈላል። ላይኛውን በፕላስተር ያሳንሱታል። ታችኛውን ማወፈር ግን ሌላ ብልሃት ይጠይቃል፤ ያንን ብልሃት ከአራት ዓመት በፊት ያመጣው የደህንነት ኃላፊው ኢንጂነር ባህሩ ነው። «እንቅልፍ ለነገ ሥራ መዘጋጀት ነው፤ መዘጋጀት ደግሞ ሥራ ነው» አለ። ለሠራተኛው ሁሉ አምባር ታደለ፤ አምባሩ የተኛበትን ሰዓት ይቆጥራል፣ ሰዓቱም ከታች ይደመራል። አልጋ ላይ ደግሞ ሰው ምን ያገኘዋል? መጠኑ በአንድ ወር ውስጥ ግማሹን ወረደ። ኢንጂነሩ ዋንጫ ተሸለመ፤ ከሌላ አገር ሳይቀር ሊማሩ መጡ። ሠራተኛውም መጀመሪያ ሰሞን «ተኝቶ መሥራት የማን ዕድል ነው!» እያለ ሲስቅ ከረመና ለመደው። አሁን የምሳ ሰዓትም ከታች ይደመራል። ለቅሶ መድረሻው ሰዓትም ይደመራል። ሉባባ ወደ ሐዘኑ ቤት ስትራመድ በስሌቱ መሠረት ሥራ ላይ ነበረች።

የሰፈሩን ቀብር የሚያስተባብረው ቅሬ ድንኳኑን ጥሎ ጨርሷል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተቀምጧል። ግማሹ ሰው ይስላል። የሟቹ ሚስት እናንዬ ጥግ ይዛ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ሉባባን ስታይ እጇን ዘረጋችላት። የሉባባ እናትና እሷ በአንድ ግቢ የኖሩ ናቸው።

«እግዜር ያጥናሽ እትዬ።»

«አሜን የኔ ልጅ። ነይ፣ እዚህ ጎኔ።» እናንዬ ድምፅዋ አልቆ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ሲያመሽ ሲስል ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ተመስገን፣ ዛሬስ ተኛልኝ አልኩ። ሲነጋ ተነሣ ብዬ ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። እሪ ልል አፌን ስከፍት ያ አምባር ከክንዱ ላይ ተናገረ።»

«ምን አለ?»

«ያው የሁልጊዜውን። ‹እንደምን አደሩ አቶ ጌታሁን። ስምንት ሰዓት ያለ አደጋ ሠርተዋል። እናመሰግናለን› አለው። ደግሞ ጨመረበት እኮ፣ ‹እንቅልፍዎ ከወትሮው የተረጋጋ ነበር› አለ።» እናንዬ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «የሞተ ሰው ይመሰገናል ሉባባዬ? ሬሳ ሠራህ ይባላል?»

ሉባባ አብራት አለቀሰች፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር። ነገር ግን እንባዋ እየወረደ ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ቆመ። ሠርተዋል ነው ያለው። ተኝተዋል አላለም።

«እትዬ፣ አምባሩ የት አለ?»

«ሊገንዙት ሲሉ አወለቁት። እዚያ መደርደሪያው ላይ አለ። ውሰጂው፣ ዓይኔ እንዳያየው።»

ሉባባ አምባሩን በሻርፗ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። እግሯ ከወትሮው ፈጠነ። የሚያሳድዳት ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ዞራ አየች።

ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋችና የመዝጋቢውን ምደባ ሰረዘች። በቦታው «የሥራ ሞት» አስገባች።

«ሟቹ የሞተው ከግቢ ውጭ ነው» አለ መዝጋቢው በዚያ ለስላሳ የሴት ድምፁ። «ከፈረቃ ውጭ ነው። ምክንያት ያቅርቡ።»

«ሲሞት በሥራ ሰዓት ላይ ነበር።»

«ማስረጃ ያቅርቡ።»

አምባሩን ማንበቢያው ላይ አስቀመጠችው። የጌታሁን ሌሊት ወጣ። ሲስል፣ ሲገላበጥ፣ ከዚያ ዝም ሲል፤ ከዝምታው በኋላም ሰዓቱ መቆጠሩን አላቆመም። እስኪነጋ ድረስ «ያለ አደጋ» እያለ ቆጥሯል። መዝጋቢው ፀጥ አለ። ሉባባ በዚህ ሥራ ላይ በቆየችበት ዘመን ሁሉ ማሽኑ ለመልስ ሲዘገይ አይታ አታውቅም፤ የተበላሸ ሁሉ መስሏት ነበር።

«ሰዓቱ በሥራ ሰዓትነት ተቆጥሯል» አለ በመጨረሻ። «በሥራ ሰዓት የደረሰ ሞት የሥራ ሞት ነው። ምደባው ይፈቀዳል። አውራ ጣት ያሳርፉ።»

በሩ ተንኳኳ። ኢንጂነር ባህሩ መልስ ሳይጠብቅ ገባ። ፈገግ ብሏል። ይህ ሰው ተቆጥቶ አያውቅም፤ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው።

«ሉባባ፣ ምሳ በላሽ?»

«ለቅሶ ደርሼ መጣሁ ኢንጂነር።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር። ደህና ሰው ነበር ጌታሁን።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ስክሪኑን አየት አደረገ። «ተሳስቼ ካልሆነ ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያ መጥቷል። አልነካሽውም አይደል?»

«ገና ነኝ።»

«ጎበዝ። ሰርዢው በቃ። ሰውየው እኮ አልጋው ላይ ነው የሞተው።»

«አዎ። አልጋውን የሥራ ቦታ ካደረጉት ግን ቆዩ እኮ።»

ኢንጂነሩ ሳቀ። «ያ ለስሌቱ ነው፣ እህቴ።»

«ይኼም ለስሌቱ ነው።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። «እሺ፣ የዚያን ሌሊት ሰዓቱን እሰርዘዋለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት። አለቀ።»

«ይሰርዙት።» ሉባባ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። «መዝጋቢው ግን አንድ ብሎ አይቆምም፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የጌታሁን እንቅልፍ ሥራ ካልነበረ የማን እንቅልፍ ሥራ ነበር ብሎ ይጠይቅዎታል። የአራት ዓመቱ እንቅልፍ ሁሉ ከታች ይወጣል። ሰሌዳውን ያኔ ያዩታል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ኢንጂነር።»

ከውጭ የማቅለሚያው ማሽን ሲያጉረመርም ይሰማል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደ አስር እየተጠጋ ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የተባለው ለዚህ ፋብሪካ ይመስላል፤ ገመዱን አራት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ሲያሳጥር ኖሯል።

«እህትሽ ዛሬ አራተኛው ልትገባ ነው አሉ» አለ ኢንጂነር ባህሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? እኔ እኮ የአባትሽም ወዳጅ ነበርኩ። ወደ ማሸጊያ አዛውራታለሁ። አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊትሽ።»

ሉባባ ጠዋት ይህን የሚላት ሰው ብታገኝ እግሩን ትስም ነበር። ከነጋ ጀምሮ የፈለገችው አዳራሹ እንዲታሸግ ኖሯል? አይደለም። ጦይባ እዚያ እንዳትገባ ነው የፈለገችው፤ ሌላው ሁሉ ለዚያ ብሎ የመጣ ነው። ይህን ለራሷ አልደበቀችም። በልቧ «እሺ በዪው፣ እሺ በዪው» የሚል ድምፅ ነበር፤ አፏ ግን አልከፈት አላት።

ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረውና ስልኩን አወጣ። ሁለት ቃል ተናገረ፣ አለቀ። «በቃ። አየሽ? ሰው በሰውነቱ ነው የሚግባባው። አሁን ያቺን ምደባ ሰርዢና ወደ ቤት ግቢ፤ ደክሞሻል።»

የጦይባ መልእክት ወዲያው ገባ።

«እታለም ማሸጊያ ጣሉኝ! ምን አድርጌያቸው ነው? ቦታዬን ለሐናን ሰጧት። በሩ ላይ ቆማ በደስታ ትዘላለች።»

ሐናን የጎረቤት ልጅ ናት። ሉባባ፣ ሐናን ስትወለድ በር ላይ ቆማ የመጀመሪያ ለቅሶዋን የሰማች፣ ጦይባና እሷን በአንድ ሳፋ ያጠበች ሰው ናት። አሁን ያቺ ልጅ በሟች ወንበር ልትቀመጥ እየዘለለች ነው።

ሉባባ ሰዓቱን አየች። ቀና ብላ ኢንጂነሩንም አየችው። «በእኔ እህት ፋንታ ሐናንን ነው ያስገቡት» አለችው።

«ማናት ሐናን?»

«አየህ» አለች ሉባባ። አንቱታው ከአፏ ሲወድቅ አልታወቃትም። አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ድምፅ የሚያሰማ ነገር አልነበረም። ከአራተኛው አዳራሽ በኩል በሩ በከባዱ ሲዘጋ ብቻ ወለሉ ትንሽ ነዘረ። በመስኮቱ በኩል የበሩ ሰሌዳ ይታያል፤ አረንጓዴው ጠፋ፣ በቦታው ቀይ በራ። ለፈረቃ የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን አንጋጠው ቆሙ። አብዛኞቹ ያንን ቀይ አይተውት ስለማያውቁ ሰሌዳው የተበላሸ መስሏቸው ነበር።

ኢንጂነር ባህሩ አልጮኸም፤ አልተቆጣም። ተነሥቶ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። «ምን እንደከፈትሽ አታውቂም» አለ። «ይኼ ማሽን እኮ አንድ ነገር ካመነ አያቆምም። አንቺው ነሽ ያልሽው።» በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ።

ሉባባ ብቻዋን ቀረች። ቀሏታል። ጦይባ ድናለች፣ ሐናንም ድናለች፣ ዛሬ ማንም እዚያ አይቀመጥም። ለእናንዬም የምትነግራት ነገር አገኘች። ፊቷን በሁለት እጇ ልትጠርግ ስትል መዝጋቢው ተናገረ።

«አዲስ መመዘኛ ጸድቋል። እንቅልፍ የሥራ ሰዓት ሆኖ ሳለ በእንቅልፍ ላይ የሞቱ ሠራተኞች እየተፈለጉ ነው። እባክዎ ይጠብቁ።»

ከዚያ ስሞቹ መምጣት ጀመሩ። የሽመና ክፍሏ ሙሉእመቤት። ሁለት ቀለም ነካሪዎች። የአራተኛው አዳራሽ አንድ ሽማግሌ፣ ሉባባ ራሷ ቀብሩ ላይ የቆመችለት። በእያንዳንዱ ስም ሥር «የቀድሞ ምደባ፦ የቤት ሕመም» ይላል። እጇን ከስክሪኑ ላይ አነሣች። የሚመጣውን አወቀችው፤ ማወቋ ግን አላቆመውም።

«ይማም አሰን። አራተኛው የቀለም አዳራሽ። መኝታው ላይ ሞቶ ተገኘ። የቀድሞ ምደባ፦ የቤት ሕመም። የቀረበ ምደባ፦ የሥራ ሞት። አውራ ጣት ያሳርፉ።»

አባቷ የሞተበት ጠዋት ተመለሰባት። እናቷ ጓዳ ሆና ሻይ እያፈላች፣ ከመኝታ ቤት ያ ድምፅ ተሰማ፦ «እንደምን አደሩ አቶ ይማም። ስምንት ሰዓት ያለ አደጋ ሠርተዋል። እናመሰግናለን። እንቅልፍዎ ከወትሮው የተረጋጋ ነበር።» እናቷም ከጓዳ ሆና፣ ምርቃት መስሏት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አሚን!» አለች። ከዚያ ነው ሻዩን ይዛ የገባችው።

ሉባባ አለቀሰች። በለቅሶው ቤት ካለቀሰችው የበለጠ አለቀሰች፤ እንደ ልጅ፣ በጉልበቷ ላይ ተደፍታ። ካቻምና ያላለቀሰችው ነው የወጣው። የታደለ ሞት ነው ተብላ እንባዋን ይዛ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። ጦይባ ናት።

«እታለም፣ ሰሌዳው ምን ሆኖ ነው? ሁሉም ሰው በር ላይ ቆሟል እኮ። አራተኛውን ዘጉት። ሐናን እያለቀሰች ነው። ምን ተፈጠረ?»

«ጦይባ፣ አምባርሽን አውልቂ።»

«ምን?»

«አውልቂው። ሐናንም ታውልቅ።»

«ለምን? እማዬ ሰላም ናት? ኧረ በአላህ ምን ሆነሻል፣ እያለቀሽ ነው እንዴ?»

ሉባባ ስክሪኑ ላይ ያለውን የአባቷን ስም አየች።

«አባባ ሥራ ላይ ነው የሞተው» አለች።

ከወዲያኛው መስመር የበሩ ሕዝብ ጫጫታ ይሰማል። ሉባባ ስልኩን ሳትዘጋ አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና በአባቷ ስም ላይ አሳረፈች።

«እናመሰግናለን» አለ መዝጋቢው፣ ቀጣዩንም ስም አመጣ።